የእናቴ ፎቶና ቡላው ውሻ

በዚህ ጉዳይ ውስጥ እጃችን ያለበት እነዚህ ነን። አንደኛዋ እናቴ ናት፤ ከአንኮበር ከተማ በእግር አንድ ሰዓት ገደማ በሚያስኬድ መንደር ለብቻዋ የምትኖር፣ ሰማንያን ያለፈች ሴት። ሁለተኛዋ አረርቲ ላይ ጤፍና ሽምብራ የምትነግደው ታላቅ እህቴ ናት። ሦስተኛዋ ሚስቴ፣ አራተኛዋ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጄ። አምስተኛው እዚያው ደብረ ብርሃን ፎቶ ቤት ያለው ሰውዬ ነው። ስድስተኛው እኔ ነኝ፤ ከስድስተኛ ክፍል በኋላ የትምህርት ቤት ደጅ ያልረገጥኩ፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ማሽን መጠገንን ከመጻሕፍትና ከማሽኑ ከራሱ የተማርኩ፣ ልጄ «አባዬ፣ አንተ እኮ ስብከት አይሰለችህም» የምትለኝ አባት። ከሰው ሌላ ሁለት እንስሳት አሉ፤ ቤታችን ያለችው ግራጫ ድመትና የእናቴ ቡላ ውሻ። ውሻውን መጨረሻ ላይ የጻፍኩት ያን ጊዜ የምሰጠው ቦታ እዚያ ስለነበረ ነው። አሁን ወደ ፊት ባመጣው ለራሴ ማድላት ይሆናል።

ካሜራ እንድገዛ ያደረገኝ መጸየፍ ነው። አባቴ ሲሞት ቤቱ ውስጥ የተገኘው ፎቶ የቀበሌ መታወቂያው ላይ ያለው ብቻ ነበር። በእኛ ዘንድ የሟች ፎቶ ካልታየ ልቅሶው ጎዶሎ ይመስላል፤ አልቃሾቹ ፎቶውን ከፍ አድርገው እየያዙ ነው ሙሾ የሚያወርዱት። እህቴ መታወቂያውን ይዛ ደብረ ብርሃን ፎቶ ቤት ሄደችና ለሠልስቱ በትልቅ ፍሬም ውስጥ የተቀመጠ ሰው ይዛ መጣች። ሰው ያልኩት አባቴን ስላልመሰለኝ ነው። ሰማያዊ ሱፍ ለብሷል። ቀይ ክራባት አስሯል። አባቴ በሕይወቱ ክራባት በእጁ ነክቶ አያውቅም። በሬ የወጋው የግንባሩ ጠባሳ ጠፍቷል፣ የጉንጩ ሽብሽብ ተደልድሏል፣ ፊቱ እንደ ኖራ ነጭ ነው። አንገቱ ከሱፉ ኮሌታ ጋር አልገጠመም፤ ጭንቅላቱ የሌላ ሰው ትከሻ ላይ እንደተቀመጠ ያስታውቃል።

እናቴ ድንኳኑ ውስጥ ፎቶውን ቀና ብላ አየችና «ይሄ ማነው?» አለች።

«አባታችን ነው እንጂ፣ እማዬ!» አለቻት እህቴ።

«ባሌንስ አውቀዋለሁ። ይሄ ማነው?»

ሴቶቹ ለዚያ ሱፍ ለባሽ ደረታቸውን ሲደቁ እኔ እንባ አልመጣልኝም፤ ያቅለሸልሸኝ ነበር። ልጁ ሆኜ ለማን እንደማለቅስ ጠፋኝ። የሰውን ፊት የሚሰርቅ ሰው ከከብት ሌባ በምን ይሻላል? ያን ቀን ለራሴ ቃል ገባሁ። የእናቴ ተራ ሲደርስ በሐሰት ፊት አይለቀስላትም፤ ገና በሕይወቷ እያለች፣ ከነሽብሽቧ፣ እውነተኛ ፎቶዋን እኔ ራሴ አነሳለሁ።

«ታዲያ በስልኬ አናነሳትም?» አለች ልጄ። ስልኳም ያው ነው። አንድ ቀን እኔን አንስታኝ ሳየው ከንፈሬ የሴት ልጅ ከንፈር ሆኗል፣ ዓይኔ ሰፍቷል፣ ከሠላሳ ዓመት የፋብሪካ አቧራ በኋላ ፊቴ ላይ አንዲት ነጠብጣብ የለችም። «ራሱ ነው የሚያሳምረው፣ እኔ ምንም አልነካሁም» አለችኝ። ማንም ሳያዘው የሚዋሽ ዕቃ ይባስ አስጠላኝ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ መዝገበ ቃላት ይዤ ስለ ዲጂታል ካሜራ አነበብኩ። ባነበብኩ ቁጥር የገባኝ ቁጥር ብቻ ነበር፤ ይህ ሃያ ሜጋፒክስል ነው፣ ያ ዙሙ ሠላሳ እጥፍ ነው። ቁጥሩ የበዛውን መግዛት ነው ብዬ መናኸሪያው አካባቢ ወዳለ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ ማስቲካ የሚያላምጥ ጎረምሳ ነው።

«ፋዘር፣ ይሄን ውሰድ» አለኝ፣ አንቱታ የሚባል ነገር ሳይነካው። «ዙሙ አደገኛ ነው። ደብረ ብርሃን ሆነህ ጨረቃ ላይ ያለውን ጉድጓድ ትቆጥራለህ።»

«ጨረቃ ምን ያደርግልኛል? የማነሳው እናቴን ነው።»

«እናትህ የት ናት?»

«አንኮበር።»

«በቃ! ትራንስፖርት አታወጣም፣ ከዚሁ ሆነህ ታነሳታለህ።»

ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። እኔም እንደተናደድኩ አሥራ አራት ሺህ ብር ከፍዬ ወጣሁ። የተናደደ ሰው ዕቃ መግዛት እንደሌለበት ለልጄ ስንት ጊዜ ነግሬያታለሁ።

ቤት እንደደረስኩ ልጄ «መጀመሪያ በድመቷ እንሞክረው፤ ድመት የያዘ ካሜራ ሰው አያመልጠውም» አለች። ልክ ነበረች። ድመቷ አትቀመጥም፣ ክፍሉም ያው የእኛ ቤት ነው፣ አንድ መስኮት ብቻ ያለው። ካሜራው እስኪያስብ ድመቷ ሄዳለች። ካነሳሁት ሁሉ አንዱ ላይ ግራጫ ጭስ ይታያል፣ አንዱ ላይ ሁለት ጭራ፣ አንዱ ላይ ጭራ ብቻ። ፍላሹን ስከፍተው ደግሞ ዓይኗ እንደ ሰይጣን አረንጓዴ ሆኖ በራ።

ሚስቴ መጥታ በትከሻዬ ላይ አየችው። «ይበል! በአሥራ አራት ሺህ ብር የድመት ጭራ ገዛህ» አለች። «የኛዋ እኮ በነፃ ነበራት።»

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ፤ የገባኝም ካሜራውን በማሽን ዓይን ሳየው ነው። ደረቱ ላይ ትልቅ ቁጥር የተለጠፈበት ማሽን ክሩን ከበጠሰ ቁጥሩ ምን ይጠቅማል? ለቤት ውስጥና ዝም ብሎ ለማይቀመጥ ፍጥረት የሚያስፈልገው አፉ ሰፊ የሆነ ሌንስ ነው፣ ብዙ ብርሃን የሚያስገባ። ሌላው ፍጥነት ነው፤ ቁልፉን ስትጫነው ሳያመነታ የሚይዝ። ሕፃንም ሆነ ድመት ወይም የምትስቅ እናት፣ ሁሉም የሚያመልጡት በዚያች በምታመነታዋ ቅጽበት ነው። ይህን ካሜራ ለሚገዛ ሁሉ ብነግረው ደስ ይለኛል፤ እኔ ግን ያወቅኩት ገንዘቤ ከሄደ በኋላ ነው።

ጎረምሳው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አለኝ። ብዙ ከተጨቃጨቅን በኋላ የኔን በዘጠኝ ሺህ ይዞ፣ አንድ የሠርግ ካሜራማን የተጠቀመበትን ትልቅ ካሜራ በሠላሳ ስድስት ሺህ ሊሰጠኝ ተስማማ። በሳምንቱ ውስጥ አምስት ሺህ ብር ያጣ ዕቃ! እንዲህ ያለውን ንግድ ምን እንደምለው አላውቅም፤ ስሙ ግን ንግድ አይደለም። ሃያ ሰባት ሺህ መጨመር ነበረብኝ። እኔ አምስት ሺህ አገኘሁ። ልጄ ስልክ ልትቀይርበት ካጠራቀመችው አምስት ሺህ ሰጠችኝ፣ ሳትስቅ። እህቴ ከአረርቲ ስምንት ሺህ ላከች። ዘጠኝ ሺህ ጎደለ።

ለእናቴ አልነገርኳትም ነበር። እህቴ ግን በስልክ ነግራት ኖሯል። በገና ሰሞን ልጠይቃት ስሄድ ሙክቷን ሸጣ፣ ዘጠኙን ሺህ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ጠበቀችኝ።

«ለልቅሶዬ ነው አይደል?» አለችኝ ቋጠሮውን እየፈታች።

«ኧረ እማዬ፣ ለማስታወሻ ነው።»

«ማስታወሻ! ቁጭ ብዬ እያለሁ በወር አንዴ ነው የምታየኝ።» ሳቀች። «ግድ የለም፣ ለልቅሶም ይሁን። ብቻ አባታችሁን ያደረጋችሁትን እንዳታደርጉኝ።»

«እሱን ፈርቼ እኮ ነው የምገዛው።»

«እንግዲያው በሙክቴ ገንዘብ ውሻዬንም ታነሳበታለህ። እኔና እሱን አንድ ላይ።»

«ውሻ?»

«አዎ፣ ውሻ። ምነው ፊትህን አጨማደድክ? አባትህ ከሞተ ወዲህ በዚህ በር ጅብ እንዳይገባ የሚያደርገው ማን ይመስልሃል? አንተ ነህ?»

ውሻው በሩ ሥር ተጋድሞ ያየኛል። ቡላ ነው፣ ሽማግሌ፤ ግራ ጆሮው ግማሹ የለም፣ ከአፉ ለሐጭ ይንጠለጠላል። እሷ ጉርሻዋን ታካፍለዋለች፣ እጇን ይልሳል፣ በዚያው እጇ ለእኔ ዳቦ ትቆርሳለች። ዳቦውን ተቀብዬ ስታይ በላሁ፣ ሳታይ ጣልኩት። ያደግሁት ውሻ ከደጅ አያልፍም በሚባልበት ቤት ነው፤ ያን ያስተማረችኝም ራሷ ናት። ገንዘቡን ግን ተቀበልኩ። «እሺ» አልኳት። ያቺ «እሺ» ውል ናት። ይህን አሁን አልክድም።

አዲሱ ካሜራ ከባድ ነው፣ ሲያነሳም ድምፁ ደስ ይላል። ድመቷን በመጀመሪያው ሙከራ ስትዘል አየር ላይ ያዝናት፤ የጢሟ ክር አንድ በአንድ ይቆጠራል። ሚስቴም «አሁን ገና ድመት ሆነች» ብላ አመነች።

በጥር መጨረሻ ከልጄ ጋር አንኮበር ሄድን፤ እህቴም ከአረርቲ መጣች። እናቴ ለቀኑ ብላ ጸጉሯን ቅቤ ተቀብታ፣ የታጠበ ነጠላዋን ደርባ፣ ደጁ ላይ በርጩማዋን አውጥታ ተቀምጣለች። ጉሙ ከገደሉ ሥር ቀስ እያለ ይወጣል። ውሻው መጥቶ አጠገቧ ቁጢጥ አለ፣ እጇም ሳታየው ሄዶ ራሱ ላይ አረፈ።

«መጀመሪያ ከሱ ጋር» አለችኝ።

አንዲቷን ለውሻው፣ ቀሪውን ለቁም ነገሩ ብዬ አሰብኩ። ካሜራውን ሳነሳ ውሻው አነጠሰ፣ እናቴም ያ የጎደለ ጥርሷ እስኪታይ ሳቀች፤ ቁልፉን ተጫንኩት። አንዲት ብቻ።

እህቴ ወዲያው ዱላ አነሳች። «ሂድ ከዚህ! ውሻ ያቀፈች እናት ነው ለለቀስተኛ የምናሳየው? ሰው ምን ይላል?»

«ሰሚ ካለ፣ እኔ ገና አልሞትኩም» አለች እናቴ።

«እሱንማ እግዜር ያቆይሽ፣ እማዬ! ለዝግጅቱ ብዬ ነው።»

ጉሙ ደጁን ሸፈነውና ወደ ቤት ገባን። ምድጃው ይነድዳል። ካሜራው ከብርዱ ወደ ሙቀቱ ሲገባ ሌንሱ ላብ አወጣ። ልጄ «አባዬ፣ መጥረጊያው ቦርሳው ውስጥ አለ» አለችኝ። አልሰማኋትም፤ ማለትም ሰምቻት ንቄ ነው። የእናቴ ነጠላ ጫፍ አጠገቤ ነበር፣ ነጭ፣ ታጥቦ የተሰጣ። ከዚህ የነጻ ጨርቅ በዓለም ላይ የለም ብዬ ሌንሱን በእሱ ወለወልኩ። ከዚያ እናቴን ቆማ፣ ተቀምጣ፣ መስቀሏን ይዛ፣ ከእህቴ ጋር፣ ከልጄ ጋር አርባ ያህል ጊዜ አነሳኋት። ከካሜራው ጀርባ ባለችው ትንሽ መስታወት ሁሉም ያማሩ ይመስሉ ነበር። ኮርቼ ደብረ ብርሃን ተመለስኩ።

ሜሞሪውን ኮምፒውተር ላይ ሰክተን ስንከፍታቸው እናቴ ወተት ውስጥ ተቀምጣለች። ዙሪያዋን ብርሃን ከቧታል፣ ሽብሽቧ የለም፣ ፊቷ ነጭ ነው። አርባውም እንደዚያው። ሚስቴ ሌንሱን በጣቷ ነካ አድርጋ አሸተተችው።

«ለጋ ቅቤ ነው» አለች። «ትንሽ ኮሰረትና ኮረሪማ ብትጨምርበት ክትፎ ይሆንልህ ነበር።»

ነጠላው ያረፈው ቅቤ በጠጣ ጸጉር ላይ ነበር። ከስልክና ከፎቶ ቤት የሸሸሁትን ነጭ ፊት እኔው በእጄ በቅቤ ቀባሁት። ልጄ ለመሳቅ ወደ ጓዳ ሄደች። አልቆጣኋትም።

የጠራችው አንዲት ናት፤ የመጀመሪያዋ። ሽብሽቧ ሁሉ አለ፣ ሳቋ አለ፣ የጎደለው ጥርሷ አለ። በሕይወቴ ካየኋቸው ፎቶዎች ሁሉ እንደሷ ያለ አላየሁም። እጇ ግማሽ ጆሮ ባለው ውሻ ራስ ላይ አርፏል።

ተመልሶ ማንሳት ይቻል ነበር። አንኮበር ሩቅ አይደለም፣ መኪናም አይጠፋም። ነገር ግን «ሌንሱን በቅቤ ቀባሁት» ብዬ ለእናቴና ለእህቴ መናገር ነበረብኝ፤ ያን ሁሉ ስለ ካሜራ የሰበክኩት እኔ። አልሄድኩም። ለእህቴ በስልክ አንዲት ፎቶ ብቻ እንደወጣች፣ እሷም ከውሻው ጋር መሆኗን ነገርኳት፤ ቅቤውን ደበቅኩ።

«ምን አስጨነቀህ?» አለች። «አባታችንን ሱፍ ያለበሰልን ሰውዬ አለ አይደል? ውሻውን ያውጣልሃ።»

ሄድኩ። ያን ሁሉ ዓመት እየተጸየፍኩት በደጁ ሳልፍ ወደ ማላይበት ፎቶ ቤት በእግሬ ሄድኩ። ሰውዬው ትሁት ነው፣ ወንበር አቀረበልኝ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ጭንቅላት የሌላቸው ሱፎች በቀለም በቀለም ተደርድረዋል፤ ሰማያዊውን አወቅኩት፣ ከነቀይ ክራባቱ።

«ጋሼ፣ ውሻ ማውጣት ሱፍ ከማልበስ ይቀላል» አለኝ። «ሱፍ ላይ አንገቱ ነው የሚያስቸግረው።»

«ፊቷን እንዳትነካ።»

«ጥርሷን ልሙላላት? ዋጋ አልጨምርም።»

«እንዳትነካ አልኩህ!»

«እሺ፣ እሺ። እጇስ? ውሻው ሲወጣ እጇ አየር ላይ ይቀራል። ከዘራ ላስይዛት? ጃንጥላም አለ፣ ጥሩ መስቀልም አለኝ።»

እዚህ ላይ ነው እንደ ጻድቅ የተናገርኩት። «ምንም አትጨምር» አልኩት። «ሐሰት አልፈልግም። የሌላት ነገር አይጨመርባት።» በዚያች ሰዓት ራሴን የማከብር ሰው ነበርኩ። ያልነበረን መጨመር ውሸት ነው፣ የነበረን ማውጣት ግን ጽዳት ነው ብዬ አምኜ ነበር። ውሻውን በዓይኔ እያየሁ አወጣው፤ መጀመሪያ ለሐጩ፣ ቀጥሎ ጆሮው ሄደ። በቦታው ሣር ገባ።

ቤት ስመለስ ሜሞሪው ላይ ያለውን ሁሉ አጠፋሁ፤ ቆሻሻ ማስቀመጥ አልወድም። ልጄ «ኮፒ አለህ?» ስትለኝ «ፎቶ ቤት አለ» አልኳት።

ፍሬሙ ተሠርቶ ቤት እያለ፣ ከፋሲካ በፊት እናቴ በጎረቤት ስልክ ደወለች። «ቡላዬ ሞተብኝ» አለች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር። «በሩ ላይ እንደተኛ ቀረ። ለበዓል ስትመጣ ፎቶዋን እንዳትረሳብኝ።»

ወዲያው ፎቶ ቤት ሮጥኩ። ሰውዬው ኮምፒውተሩን አገላበጠ። «ጋሼ፣ የመጀመሪያውን አላስቀምጥም፣ ኮምፒውተሩ ይሞላል። በላዩ ላይ ነው የሠራሁት» አለኝ። ልቆጣው አስቤ ተውኩት። እሱ ያደረገው እኔ ቤት ያደረግኩትን ነው።

በሚኒባሱ ውስጥ ፍሬሙን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ውሸት አዘጋጀሁ። «ከውሻው ጋር የተነሳሽው አልወጣም፣ ማሽኑ አበላሸው» ልላት። ልጄን በዱላ ያሳደግሁት እንዲህ ያለውን እንዳትናገር ነበር።

እናቴ ፍሬሙን ተቀብላ ወደ በሩ ብርሃን ወጣች። ብዙ አየችው።

«ይቺስ እኔ ነኝ» አለች። «ጥርሴንም አልሞላችሁት። ጎሽ።» ከዚያ ጣቷ ወርዶ መስታወቱ ላይ እጇን ነካ። «ይሄ እጄ ምን ይዟል?»

ውሸቱ አፌ ውስጥ ነበር። አልወጣ አለኝ።

«አስወጣሁት፣ እማዬ» አልኳት።

«ወዴት?»

በሩ ሥር ውሻው ይተኛበት የነበረው አፈር እንደ ሳህን ጎድጉዷል፤ እሷም እኔም እሱን አየን።

«አስቀርተኸው ይሆናል። ሌላ ቦታ አለ?»

«የለም። አጥፍቼዋለሁ።»

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «ሙክቴን የሸጥኩት ለዚህ አልነበረም» አለች። «አባትህን የማያውቀውን አለበሳችሁት። እኔን ደግሞ የያዝኩትን አስጣላችሁኝ።» ፍሬሙን መልሳ ሰጠችኝ። «ውሰደው። ስሞትም ይሄን እንዳታወጡት፤ የመታወቂያዬን አውጡ።»

የመታወቂያዋ ፎቶ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም፤ ደንግጣ የተነሳችው ነው። ስንሞት ምን እንደሚታይ ሌላ ሰው ይወስናል፤ እናቴ ግን ገና በሕይወቷ ወስናለች፣ እኔም አከብራለሁ። ካሜራው አሁን ቁም ሣጥን ላይ ነው፤ ልጄ አንዳንዴ አውርዳ ድመቷን ታነሳበታለች። ጥሩ ካሜራ ነው። ፍሬሙን በጋዜጣ ጠቅልዬ ከአልጋ ሥር አስቀምጬዋለሁ፤ ላየው ስሞክር የሚያቅለሸልሸኝ የሰውዬው ሥራ አይደለም።

ሁለቱ ካሜራዎች፣ ውሻውን ማውጣቱ፣ ፍሬሙና የመኪናው ተደምሮ፣ ከእህቴ ስምንት ሺህ፣ ከልጄ አምስት ሺህ፣ ከእናቴ የአንድ ሙክት ዋጋ፣ የቀረው ከእኔና ከሚስቴ፣ ሁላችንንም ያስወጣን አርባ አራት ሺህ ብር ነው።